በማሽላ ማማ ላይ የተማርነው እንግሊዝኛ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ዘይነባ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን መደቡ ላይ ጣል አድርጋ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ ተቀመጠች። ዘይነባ እዚሁ ሸዋሮቢት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ሙቀቱ ነው ብዬ ውሃ ቀዳሁላት። ሙቀቱ አልነበረም።

«ፈታኞች መጥተው ነበር፣ አባባ» አለችኝ። «ተማሪዎቹንም፣ እኛን መምህራኑንም፣ እንግሊዝኛ አንብበን እንረዳ እንደሆነ ሊመዝኑ።»

«ታዲያ ደግ ነገር አይደል?»

«ልጆቹን በየተራ እየጠሩ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደረጓቸው። አንዱ ፈታኝ ሰዓቱን ያያል፣ ሌላው ምልክት ያደርጋል። ከክፍሌ ሁሉ ያነበበችው የሚገባት አንዲት ልጅ አለች። እያሰበች ስለሆነ ቀስ ትላለች። ገጹን ሳታጋምስ በቃሽ አሏት።»

«ምን እንዳነበበች አልጠየቋትም?»

«አልጠየቋትም።»

«አንቺንስ?»

«እኔ አልፌያለሁ» አለችና ፊቷን ወደ በሩ መለሰች።

ከዚያ በኋላ ከአፌ የወጣውን ባልጽፈው ይሻላል። ሽማግሌ ሰው በእንግሊዝኛ ፈተና ምክንያት ደሙ ሲፈላ ለሚያየው ያስቃል። ዘይነባም ግራ ተጋብታ አየችኝ። ንዴቱ ግን የዚያ ቀን ብቻ አልነበረም። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ይዤው የኖርኩት ነው። ለእሷም ያን ቀን የነገርኳት ይህንኑ ነው።

እንግሊዝኛ የተማርኩት ኤደን ነው። አጎቴ ከይፋት ቆላ ቆዳና ሙጫ እየሰበሰበ በባሕር የሚነግድ ሰው ነበርና ልጅ ሳለሁ ይዞኝ ሄዶ እንግሊዞች በሚያስተዳድሩት በዚያ ከተማ ትምህርት ቤት አስገባኝ። ማንበቡን ቶሎ ለመድኩት። ስናገር ግን አንደበቴ የዐረብ ነበር፤ አንዳንዱን ፊደል እስከ ዛሬም በትክክል አልለውም። አባቴ ሲሞት ወደ እናቴ ተመለስኩ። ብዙ ሳይቆይ ጣሊያን ገባ።

ያን ጊዜ ሸዋሮቢት ዛሬ የምናውቃት ከተማ አልነበረችም። ጣሊያን ከደብረ ሲና ተራራ ቁልቁል ያወረደው መንገድ ገና ድንጋዩ እየተነጠፈ ነበር። ካሚዮን ባለፈ ቁጥር ነጭ አቧራ ማሽላው ላይ ይወርድና ቅጠሉ ሁሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በመንገዱ ዳር ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ካምፕ ነበር፤ እኛ የቆላ ሰዎች በዚያ በኩል ስናልፍ ዓይናችንን መሬት ላይ አድርገን ነበር የምናልፈው። ዳገቱ ላይ አርበኞች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያወራም።

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር የኔ ሥራ ወፍ መጠበቅ ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ማሳችን ስወርድ ከጎረቤት ማሳ፣ ከማማው ላይ፣ አንድ ሰው ወንጭፉን እያጮኸ ወፎቹን ሲሳደብ ሰማሁ። ቆም ብዬ አዳመጥኩ። የሚሳደበው በእንግሊዝኛ ነው። አላስችል ብሎኝ እኔም ከሥር ሆኜ በእንግሊዝኛ «ደህና አደሩ» አልኩ። ሰውየው ከማማው ሊወድቁ ነበር።

ቀጭን፣ ረዥም፣ ሳል የማይለያቸው ሰው ናቸው። መምህር አስፋው ይባላሉ። አዲስ አበባ ያስተምሩ ነበር፤ ጣሊያን የተማረ ሰው እያደነ መግደል ሲጀምር ሸሽተው ወደኛው አገር ወደ ቀወት ወረዱና ዘመዳቸው ማሳ ላይ ወፍ ጠባቂ ሆኑ። ሰው ሲጠይቃቸው ከዳዊት ሌላ ያልተማሩ ገበሬ ነኝ ይላሉ። ማን እንደሆንኩ፣ የት እንደተማርኩ በዝግታ ጠየቁኝና ወደ ማማው እንድወጣ በእጃቸው ጠሩኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ይህን ቋንቋ መሬት ላይ ሆነህ አትናገረውም» አሉኝ። «እዚህ ላይ ብቻ።»

እንዲህ ተጀመረ። ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የንባብ መጽሐፍ ነበራቸው፤ ከማማው ጣራ ሣር ውስጥ ይደብቁታል። ከእኔ ሌላ ደምሴ የሚባል የዘመዳቸው ልጅ ነበር፣ እኩያዬ። ደምሴ ቤተ ክርስቲያን ያደገ፣ ድምፁ የታወቀ ልጅ ነው። ሠርግ ላይ ሲያዜም ሴቶቹ እልልታቸውን ትተው ያዳምጡታል። የእንግሊዝኛን ፊደል በጥቂት ጊዜ ለየና ገጹን እንደ ውዳሴ ያንቆረቁረው ጀመር። እኔ ከኤደን የመጣሁት ስደናቀፍ እሱ አንድ ቦታ ሳይሰናከል ይወርደዋል።

መምህር አስፋው ግን አይደነቁም። አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ይከድኑና በአማርኛ «እሺ፣ ሰውየው ምን ሆነ?» ይሉታል።

«የቱ ሰውዬ?»

«ከንፈርህ አነበበ። አንተስ?»

«ቃሉ ግን ሲጥም!» ይላል ደምሴ ከልቡ። እኔ ሳቄን እቆጣጠራለሁ። በጉም ውስጥ በጎቹ ስለጠፉበት ሰው የሚያወራ ገጽ ነበር፤ ደምሴ በቃሉ ይዞታል፣ በግ እንዳለበት ግን አያውቅም።

አሁን ሳስበው አልፈርድበትም። ሁለታችንም ከንባብ ጋር የተዋወቅነው በማናውቀው ቋንቋ ነው፤ እሱ በግዕዝ፣ እኔ በዐረብኛ። ሁለታችንም ሳይገባን አሳምረን ስላነበብን ተመርቀናል፣ ተስመናል። እሱ እንግሊዝኛውን የያዘው በዚያው መንገድ ነው። መምህሩ ግን አይለቁትም። በማሽላው መሐል ተቀምጠን ጥንቅሽ እየላጥን ስንመጥ እንኳ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጣል ያደርጉና ትርጉሟን እስኪያገኛት ድረስ ፊት ፊቱን ያዩታል።

እናቴ የማሽላ ቂጣ በቅቤ ለውሳ፣ ወተት በቅል ይዛ ትመጣለች። የምናደርገውን ታውቃለች፤ አንድም ቀን አልጠየቀችንም። «ይብሉ እንጂ መምህር» ትላቸዋለች። «የዚህ አገር ወባ የሚፈልገው እንደርስዎ ያለውን ነው፤ አላህ ይጠብቅዎት።»

አንድ ቀን ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙብን ጠየቅኳቸው። ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት መግጠሙ ተሰምቶ ነበር።

«እንግሊዞቹ መምጣታቸው አይቀርም» አሉኝ። «ሲመጡ ወረቀት ይዘው ነው የሚመጡት። የሚያነብላቸው ሰው ሞልቷል። የሚረዳው ከሌለን ግን አንዱ ሄዶ ሌላው ይቀመጥብናል።»

ወሬው እንዴት ከካምፑ እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አጨዳ ሊጀመር ሲል ወታደሮች መጥተው እኔንና መምህር አስፋውን ከማሳው ወሰዱን። በመንገድ ላይ መምህሩ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ «ፊደል የሚባል አታውቅም» አሉኝ። ካምፑ ስንደርስ ደምሴ ቀድሞን ተቀምጧል። እሱን ያመጡት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ ማስጠንቀቂያው አልደረሰውም። ልንነግረው ብንፈልግም ወታደሩ መሐላችን ቆሟል።

የካምፑ አለቃ፣ ካፒታኖ የሚሉት ጣሊያን፣ በልጅነቱ እንግሊዝ አገር ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር ይባላል። እውነትም እንግሊዝኛው ጥሩ ነበር። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ያገሬው ሰው ከተገኘ የእንግሊዝ ሰላይ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ፈተና አዘጋጀ። በእጁ የጻፈውን ገጽ በየተራ ይሰጠንና ወረቀቱን ሳይሆን ፊታችንን ያያል። አስተርጓሚው ከአጠገቡ ቆሟል። ቆርቆሮው ከላይ ያነድደናል።

መጀመሪያ ለመምህሩ ሰጣቸው። ወረቀቱን አዩት፣ አገላበጡት፣ «ይሄ የኛ ፊደል አይደለም፤ እኔ ዳዊት እንጂ ሌላ አላውቅም ጌታዬ» ብለው መለሱ። ከማሳላቸው በቀር ምንም አላደረጉም።

ቀጥሎ ለእኔ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ይህን የሚያነበው ሰው ቤት ዛሬ ይቃጠላል፤ እናቱ ውስጥ ናት፤ ወታደሮቹ ሄደዋል።

ዓይን የሚባል ነገር ከሰው ፈቃድ ውጭ ነው። አላይም ብትለውም ያነባል። ገጹ ላይ ባረፈበት ቅጽበት ሁሉም ገባኝ። እናቴን አየኋት፣ በሩን አየሁት፣ የሣሩን ጣሪያ አየሁት። ካፒታኖው ከቅንድቤ ዓይኑን አልነቀለም። ጣቴን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አኖርኩና «ይቺ ጠረጴዛ ትመስላለች» አልኩ። ወታደሮቹ ሳቁ። ሌላዋን እባብ ናት አልኩ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ አስተርጓሚው «ይህ ደንቆሮ ነው» ብሎ ነጠቀኝ።

ከዚያ ደምሴ ተነሣ። ዞር ብሎ መምህሩን አየ፤ የዚያን አተያይ ትርጉም ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሊያኮራቸው ነው። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገና አነበበው። ያ የማይሰናከል ድምፁ፣ በሚያምር ዜማ፣ እናቱ ቤት ውስጥ ሆና እንደምትቃጠል አንበለበለው። ጨርሶም ፈገግ አለ።

እንኳን ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ ይህ ልጅ ያነበበው እንዳልገባው ከፈገግታው ያውቃል። እኔም ካፒታኖው ይስቅና ይለቀዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ ቆመ።

«ይህ ነው» አለ በእንግሊዝኛ፣ ለወታደሮቹ በጣቱ እየጠቆመ። «እንደዚህ ያለ ነገር አንብቦ ፊቱ የማይለወጥ የሠለጠነ ሰላይ ነው።»

ደምሴ የሚሉት አልገባውም። የተሸለመ መስሎት ነበር። እጁን ሲይዙት ግን ፈገግታው ጠፋ።

ያን ጊዜ የተሰማኝ ነገር ቁጣ ብቻ አልነበረም። ወጥመድ ውስጥ ነበርኩ። ደምሴ ምንም አይገባውም ብሎ የሚመሰክር ሰው መጀመሪያ ራሱ ቋንቋውን ማወቅ አለበት። መመስከር ማለት ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። መምህር አስፋው ከእኔ ቀድመው ተነሡ።

«ልጁ አይገባውም» አሉ በእንግሊዝኛ፣ በጥርት ያለ እንግሊዝኛ። «ድምፁን ብቻ ነው የሚያሰማው።»

ካፒታኖው ቀስ ብሎ ዞረ። «አንተ እንዴት አወቅህ?»

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ካፒታኖው ወንበር አስመጣላቸው። በዕድሜዬ ብዙ ፈታኝ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ያለ ፈተና ግን አላየሁም። ከጠረጴዛው ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አነሣና እንዲያነቡ ሰጣቸው። ጮክ ብለው እንዲያነቡ እንኳ አልጠየቃቸውም። በዝምታ አንብበው ሲጨርሱ ጠየቃቸው፤ ጸሐፊው ምን አለ? ለምን አለ? ያላለውስ ምንድነው? መምህሩ መለሱ። አንድ ቦታ ላይ «ይህን ቃል አላውቀውም» አሉ፤ ካፒታኖው ነገራቸው። ሁለት ሰዎች ከፈረስ ወርደው ጥላ ሥር የሚጨዋወቱ ነው የሚመስሉት። እኔ ሁሉም ይገባኛል፣ ፊቴ ግን ጠረጴዛና እባብ ከሚያየው ደንቆሮ ፊት መለየት የለበትም።

በመሐል መምህሩ፣ የሌላ ነገር ጥያቄ አስመስለው፣ «ስለ ቤቱ የተጻፈው እውነት ነው?» አሉት።

«አይደለም» አለ ካፒታኖው። «ፊት ለማየት ብቻ ነው።»

ለማን ብለው እንደጠየቁ አውቃለሁ። ወደ እኔ አልዞሩም። እናቴ በሕይወት እንዳለች በዚያች ሰዓት ሰማሁ፣ ደስታዬንም እንደ ፍርሃቴ ዋጥኩት።

ጨዋታው አለቀ። ካፒታኖው ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠና ሁለቱንም እሰሩ አለ። «አንዱ አስተማሪ ነኝ ብሏል፤ ሌላው ተማሪው ነው።»

ተነሣሁ። ደምሴ ንጹሕ መሆኑን፣ እኔም ከዚያው ማማ መሆኔን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የመጣልኝ እንግሊዝኛ ግን ተቆራርጦ፣ ከዐረብኛ ጋር ተደባልቆ፣ ከአማርኛው ጋር ተጋጭቶ ማንም የማያውቀው ቋንቋ ሆነ። ወታደሮቹ እንደገና ሳቁ። አስተርጓሚው «ፊደሉን ጠረጴዛ ያለው ጀግና ልሁን አለ» ብሎ ቀለደ። መምህሩም ወደ እኔ እያዩ በአማርኛ «ይህን ልጅ አላውቀውም፤ የጎረቤት ወፍ ጠባቂ ነው» አሉ። በርግጫ አስወጡኝ። በሩ ላይ ዞር ስል ደምሴ አሁንም ግራ እንደተጋባ መምህሩን ያያል፤ ምን አጥፍቼ ነው የሚል ይመስላል።

ቤቴ ስደርስ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅማለች። «መምህሩስ?» አለችኝ። ወደ ካምፑ መንገድ ዞሬ ሳይ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። በዚያ ዓመት ማሽላው ጥሩ ያዘ። እኔ ግን ያን ማማ ቀና ብዬ አላየሁትም።

በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ ጣሊያን በዚያው ባሠራው መንገድ ወደ ሰሜን ሸሸ፤ እስር ቤቶችም ተከፈቱ። ደምሴ መጣ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ። መምህር አስፋው እስር ቤት ውስጥ በሳሉና በወባው ሞተዋል። ደምሴ ይህን የነገረኝ ሮቢ ወንዝ ዳር ተቀምጠን ነው።

«መጽሐፍ አልነበረንም» አለኝ። «አፍ ለአፍ ነበር የሚያስተምሩኝ። አንድ ቀን እዚያ ገጽ ላይ ስላለው ሰውዬ ጠየቁኝ፤ ሰውየው በጎቹን በድምፃቸው ፈልጎ አገኛቸው አልኳቸው። አለቀሱ። እንድሪስ፣ እዚያ ነው የገባኝ። ወላዲተ አምላክን፣ እዚያ ነው የገባኝ።»

ብዙም ሳይቆይ እንግሊዞቹ መጡ። ከካምፑ ቆርቆሮ ሥር አንድ መኮንን ተቀምጦ አስተርጓሚ ይፈትን ጀመር። ደምሴን እንሂድ አልኩት።

«አንብብ ሲሉኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል» አለኝ። «አንተ ሂድ። እሳቸው ያሉትን ሥራ አንተ ሥራው።»

ሄድኩ። መኮንኑ አንድ ገጽ ሰጠኝ፤ ስለ እህል ግዥና ስለ መንገድ ጥገና ነው። ሁሉም ገባኝ። እንዲያውም አንዱ አንቀጽ ለገበሬው ምን ያህል እንደሚጎዳ ሳስብ ንባቤ ዘገየ። ያ የኤደን አንደበቴም አለ። መኮንኑ ጥቂት ሰማና እጁን አነሣ፦ በቃ። የሚቀጥለው። ምን እንዳነበብኩ አልጠየቀኝም። «ይህን አንቀጽ ልንገርዎት» አልኩት፤ ወረቀቱን ተቀበለኝና ለቀጣዩ ሰጠው። የቀጠሩት ከሌላ አገር የመጣ አንድ ጎልማሳ ሲሆን እንደ ደምሴ የሚያንቆረቁር ነበር። ያ የእህል ነገርም ያሰብኩት አልቀረም፤ ገበሬው በማይገባው ስምምነት ጣቱን አትሞ ማሽላውን አስረከበ። ለእያንዳንዱ ሰው ሄጄ አትስማሙ ብልም ማን ይስማኝ? እንግሊዞቹ ፈትነው የጣሉኝ ሰው ነኝ።

ደምሴ በኋላ ገበሬ ሆኖ ኖረ። ሠርግ ላይ ግን እንደገና ያዜም ጀመር። እኔ የአጎቴን ንግድ ያዝኩ።

ይህን ሁሉ ስጨርስ ከመስጊዱ አዛን ተሰማ፤ ሰግደን ተመለስን። ከዚያ ዘይነባ ቦርሳዋን ስባ ለተማሪዎቹም ለእነሱም የተሰጠውን የፈተና ወረቀት አወጣች።

«አባባ» አለች፣ «እኔ ያለፍኩት ቶሎ ስላነበብኩ ነው። ይህ ሦስተኛው አንቀጽ አልገባኝም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ዝም አልኩ።»

ልቆጣት ፈልጌ አቃተኝ። ዓይኔ ስለደከመ እሷ አነበበችልኝ። በቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ የብረት ጫማ አድርገው ስለሚንሸራተቱ ልጆች ነው የሚያወራው። በዚህ በሸዋሮቢት ሙቀት፣ በረዶ ከጠርሙስ ለስላሳ ጋር ካልሆነ በቀር አይተው ለማያውቁ ልጆች የተሰጠ ፈተና ነው። እኔም እንዲህ ያለ ሐይቅ አይቼ አላውቅም። ቢሆንም አንዱን ቃል ከሌላው እያስደገፍን፣ እየተከራከርን፣ የገባንን ያህል ፈታነው። የቀረውንም አላወቅነውም ተባብለን ተውነው።

እሷ ከተኛች በኋላም ንዴቱ አልለቀቀኝም። መምህር አስፋውን ወንበር ሰጥቶ፣ ጠይቆ፣ እስከ መጨረሻው ያዳመጣቸው ፈታኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው አዳምጦ ሲጨርስ አሰራቸው። ማሰሩ አያስገርመኝም፣ ጠላት ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ከእሱ ወዲህ የመጡት፣ ወዳጅ ነን ያሉት ሁሉ፣ ያን ያህል ለማዳመጥ ጊዜ ማጣታቸው ነው።